የዘነበወርቅ ጎማና የበርሊን ጫማ

መስከረም 13 ቀን 2016 ዓ.ም. እሁድ ጠዋት በርሊን ላይ የሆነውን የስፖርት ቤተሰቡ አይረሳውም። ትዕግስት አሰፋ የሴቶችን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ጨርሳ፣ ነባሩን የዓለም ክብረ ወሰን ከሁለት ደቂቃ በላይ ቆረጠችው። ሪዮ ኦሊምፒክ ላይ በ800 ሜትር ያየናት ልጅ! እኛ እዚህ ቴሌቪዥን ፊት ሆነን ስንጮህ፣ እሷ ደግሞ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ከፍ አድርጋ ለፎቶ አንሺዎቹ አሳየች።

ያቺ ቅጽበት ደቂቃ ሳይሞላት ዓለምን ዞረች። ጫማው የአዲዳስ አዲስ ሥሪት ነበር። የአንዱ እግር ክብደት 138 ግራም፣ የጥንዱ ዋጋ 500 የአሜሪካ ዶላር፤ መጀመሪያ ለገበያ የወጣው 521 ጥንድ ብቻ። ክብረ ወሰኑን ሬዲዮ ነገረን፣ ጋዜጣ ጻፈው። ጫማውን የሸጠው ግን ሥዕሉ ነው። ላቧ ያልደረቀ ሴት፣ ከጭንቅላቷ በላይ አንድ ነጭ ጫማ፣ ከኋላዋ የመጨረሻው መስመር፤ ሌላ ምንም የለበትም። ማስታወቂያ ሠሪ ስቱዲዮ ገብቶ ወር ቢለፋ እንዲህ ያለውን አያወጣም።

ይህን ጽሑፍ የጀመርኩት በዚያ ጫማ ምክንያት ነው። ጫማ ከተነሳ ደግሞ ኮልፌ ቀራኒዮን ሳይጠሩ ማለፍ ይከብዳል። "ኮልፌና በርሊን ምን አገናኛቸው?" ትሉኝ ይሆናል። እመለስበታለሁ። አስቀድሜ ግን ሮም ደርሼ ልምጣ።

ባዶ እግር ስንት ያወጣል?

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው። አዲስ አበባ ለዘመን መለወጫ ዋዜማ ሽር ጉድ ስትል፣ ሮም ውስጥ አንድ የክቡር ዘበኛ ወታደር በባዶ እግሩ እየሮጠ ነበር። የቀረበለት ጫማ አልተመቸውም። ከሞሶሎኒ ጦር ጋር ተጭኖ የሄደው የአክሱም ሐውልት ያን ጊዜ እዚያው ከተማ ቆሞ ስለነበር፣ አበበ ቢቂላ ሐውልቱ አካባቢ ሲደርስ ፍጥነቱን ጨመረ። ጨለማው ውስጥ ወታደሮች ችቦ ይዘው መንገዱን ያበሩ ነበር። በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ የቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ገባ።

ይህንን ታሪክ ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። ብዙ ያልተወራው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በተከታዩ ዓመት እ.ኤ.አ. በ1961 አበበ ለማይኒቺ ማራቶን ጃፓን ሄደ። ኪሃቺሮ ኦኒትሱካ የተባለ ጫማ ሠሪ ያረፈበት ድረስ ሄዶ ጫማዬን አድርግልኝ አለው። አበበ መጀመሪያ እሺ አላለም። ሰውዬው የጃፓን አስፋልት ስብርባሪ አለበት፣ እግርህን ይጎዳሃል ብሎ አሳመነው። አበበ አደረገው፣ አሸነፈም። ያ ድርጅት ዛሬ አሲክስ ይባላል። የአበበንም ነገር የድርጅቱ ታሪክ አካል አድርጎ ይተርከዋል። ቶኪዮ ላይ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. አበበ ለሁለተኛ ጊዜ ሲያሸንፍ ደግሞ እግሩ ላይ የነበረው ፑማ ነው።

የቶኪዮን ኦሊምፒክ ፊልም የሠራው ጃፓናዊው ኮን ኢቺካዋ ነው። አንባቢ አጋጣሚውን ቢያገኝ የማራቶኑን ክፍል ይመልከት። ኢቺካዋ ሰዓትና ውጤት ሊያስቆጥረን አልፈለገም። ከሩቅ በሚስብ ሌንስ የአበበ ፊት ላይ ካሜራውን አስቀመጠና እዚያው ቆየ። ሩጫው ዝግ ብሎ ይሄዳል፣ ላቡ ይንጠባጠባል፣ አይኑ ወደ ፊት ብቻ ያያል። ተናጋሪ "ጀግናው አትሌት" እያለ አይጮህም። ስልሳ ዓመት አልፎትም ያ ሥዕል አላረጀም። "ማራቶን ማን" የተሰኘው የ1976ቱ የሆሊዉድ ፊልም እንኳ የአበበን ሥዕል ወስዶ ተጠቅሞበታል።

አሁን ወደሚያናድደው እንሂድ። እ.ኤ.አ. በ2010 ቪብራም የተባለው የጫማ ሶል አምራች ጣት ጣቱ የተለየ፣ ባዶ እግር የመሮጥን ስሜት ይሰጣል የተባለ ጫማ አወጣ። ስሙን "ቢኪላ" አለው። ኩባንያው የየት አገር ነው? የጣሊያን! የአበበ ቤተሰቦች ሳንጠየቅና ሳንፈቅድ በአባታችን ስም ተነገደ ብለው በ2015 አሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ፍርድ ቤት ከሰሱ። በ2016 ዳኛው መዝገቡን ዘጋው። ምክንያቱ ቤተሰቡ ነገሩን ካወቀ በኋላ ክሱን ለማቅረብ ብዙ ዘግይቷል የሚል ነበር።

ሕጉን ለሕግ ባለሙያ እተዋለሁ። እኔ የገረመኝ ሌላ ነው። ከሮም እስከ ታኮማ ፍርድ ቤት ድረስ ሃምሳ ስድስት ዓመት አለ። በነዚያ ዓመታት "በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈው ኢትዮጵያዊ" የሚለውን ተረክ ጃፓኑ ተናገረው፣ ጀርመኑ ተናገረው፣ ጣሊያኑ ስሙን ጫማ ላይ ጻፈው። እኛስ? እኛ በየዓመቱ እናስበዋለን፤ የአበባ ጉንጉን እናስቀምጣለን።

ዘነበወርቅ

አሁን ኮልፌ ቀራኒዮ ገባን። ከጦር ኃይሎች ወደ አየር ጤና በሚወስደው መንገድ ዘነበወርቅ የሚባለውን ሰፈር የማያውቅ አዲስ አበቤ ጥቂት ነው። ስሙን ያገኘው በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ከተጠራው የሥጋ ደዌ ሕክምና ሥፍራ ነው፤ አለርትም እዚያው ነው። ለብዙ ዘመን ሰፈሩ ሲነሳ ሰው ከንፈሩን ይመጥ ነበር። ታክሲ ረዳት "ዘነበወርቅ!" ብሎ ሲጣራ የሚወርደውን ተሳፋሪ በጎሪጥ የሚያይም ነበር። በሽታው እንደ እርግማን ይታይ በነበረበት ጊዜ የሰፈሩ ልጅ መሆን ቀላል አልነበረም። በሌላ በኩል ግን ሰፈሩ ባለ እጅ ነው። ፈታይ፣ ሸማኔ፣ ጥልፍ ጠላፊ ሞልቶበታል።

ወ/ሮ ቤተልሔም ጥላሁን የዚህ ሰፈር ልጅ ናት። በ1997 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2005) ከቤተሰብ ያሰባሰበችውን ጥቂት ገንዘብ ይዛ፣ በአያቷ ግቢ ውስጥ፣ ከአምስት ሠራተኞች ጋር ጫማ መሥራት ጀመረች። ምን ዓይነት ጫማ? በረባሶ! አዎ፣ ያው ከመኪና ጎማ ተቆርጦ የሚሠራው፣ ገበሬው፣ እረኛውና ወታደሩ ያለቀለት ጫማ። ከላይ በእጅ የተፈተለና የተሸመነ ጥጥ፣ ከታች ያረጀ ጎማ። (በነገራችን ላይ የአክሱም ሐውልት ከሮም ወደ አገሩ የተመለሰው በዚያው በ1997 ነው። ተገጣጠመ እንጂ ሌላ ነገር የለውም።)

ስሙን "ሶልሬብልስ" አለችው። ሶል ያው የጫማ ሶል ነው፤ ሬብልስ ደግሞ ዐመፀኞች። በረባሶ ተጫምተው ቅኝ አልገዛም ያሉትን ሰዎች ለማስታወስ ነው። አያችሁ? ጫማው ገና እግር ላይ ሳይገባ ተረክ አለው።

ድርጅቷ ለቴሌቪዥን ማስታወቂያ የሚከፈል ብር አልነበረውም። የነበረው ኢንተርኔት ነው። ያውም የዚያን ዘመን ኢንተርኔት፣ አንድ ፎቶ እስኪከፍት ቡና የሚፈላበት! ቤተልሔም የአሜሪካንና የአውሮፓን ነጋዴዎች በኢሜይል አንኳኳች። ድረ ገጿ ላይ ጎማ ሲቆረጥ፣ ጥጥ ሲፈተል፣ ሠራተኛው ሲሰፋ አሳየች። በዓለም የፍትሐዊ ንግድ ድርጅት የተመሰከረለት የመጀመሪያው የጫማ አምራች የእሷ ሆነ። ጫማው በትልልቆቹ የአሜሪካ መደብሮችና በአማዞን ተሸጠ፤ ታይዋን ውስጥ በስሙ ሱቅ ተከፈተለት። ፎርብስ ከአፍሪካ ተደማጭ ወጣት ሴቶች መካከል አስገባት። በ2012 ደግሞ የሽዋብ ፋውንዴሽን በአፍሪካ የዓመቱ ማኅበራዊ ሥራ ፈጣሪ ብሎ ሸለማት።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ከዘነበወርቅ ሰፈር የሚወጣ ዕቃ በቀላሉ የሚሸጥበት አንድ የታወቀ መንገድ ነበር፤ ማሳዘን። የታመመ እጅ በቅርብ ማንሳት፣ ያደፈ ሕፃን ማሳየት፣ "ይህንን ሲገዙ አንድ ቤተሰብ ይረዳሉ" ብሎ መጻፍ። ፈረንጁ ኪሱ ውስጥ ይገባል፣ አንድ ጊዜ ይገዛል፣ ተመልሶ አይመጣም። ቤተልሔም በየመድረኩ ስትከራከር የኖረችው ይህንን ነው፤ ምጽዋት አልሸጥም፣ የምሸጠው ጫማ ነው ትላለች። ሥዕሉ ላይ የሚታየው ሠራተኛ ባለሙያ ሆኖ ነው የሚታየው፤ ጎማውም ቆንጆ ሆኖ።

የበርሊኑ አዲዳስና የዘነበወርቁ በረባሶ በዋጋም በሥራም አይገናኙም። አንዱ ለአንድ ማራቶን ተብሎ የተሠራ ነው፤ ሌላው ዕድሜ ልክ የሚረገጥ ጎማ። የተሸጡበት መንገድ ግን አንድ ነው። ሁለቱም ጋ አንድ እውነተኛ ነገር ነበረ፣ እሱም በቅርብ ታየ። ልዩነቱ የበርሊኑን ተረክ የያዘው ባለ ፋብሪካው መሆኑና የዘነበወርቁን የያዘችው የሰፈሩ ልጅ መሆኗ ነው።

ኮልፌ ከዚህ ሌላም ተረክ አለው። በ1954 ክረምት ኔልሰን ማንዴላ ወታደራዊ ሥልጠና የወሰደው ኮልፌ በነበረው የፖሊስ ጦር ሰፈር ነው። ሰውዬው ቡጢኛም ሯጭም ነበርና ተራራው ላይ ከነሙሉ ትጥቁ ያደረገውን ረጅም ጉዞ በመጽሐፉ ጽፎታል። ኮልፌን በስም የሚያውቅ የውጭ አገር ሰው ካለ አብዛኛው ከዚያ መጽሐፍ ነው ያወቀው። ስፖርት ገጽ ላይ ይህን ማንሳቴ ያለ ምክንያት አይደለም። የሰፈሩ ቡድን ማሊያ ላይ፣ የሰፈሩ የጎዳና ሩጫ ላይ ቢነሳ ከማንም የሚሰረቅ ነገር አይደለም።

ዋንጫ የሚሰጠው ሰውዬ

እንግዲህ ወደ ዛሬው እንምጣ። የፕሪሚየር ሊጋችን በ2013 ዓ.ም. በሱፐር ስፖርት መተላለፍ ሲጀምር ብዙው ሰው ያወራው ስለ ገንዘቡ ነበር። እኔ ግን በዚያው የውድድር ዘመን የሆነውን አስታውሳለሁ። የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር 29 ግብ አግብቶ የዮርዳኖስ ዓባይን የ24 ግብ ክብረ ወሰን ሰበረ። ዮርዳኖስ በ1993 ያገባቸውን ግቦች ዛሬ ለልጅህ ላሳይ ብትል ስንቱን ታገኛለህ? የአቡበከር ግን እያንዳንዷ ተቀርጻለች፤ ስልክ ላይ አለች። በቀጣዩ ዓመት ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ወሰደው። ደቡብ አፍሪካዊው መልማይ አዲስ አበባ ድረስ ሳይመጣ ልጁን በሳምንት በሳምንቱ ሲያየው ነበር ማለት ነው። ያገባው እግሩ ነው፤ ሥዕሉም አሳየው።

ይህ ለከፍተኛው እርከን ነው። ታች ያለውስ? ቅዳሜና እሁድ ጠዋት አየር ጤና፣ ቤቴል፣ ዓለም ባንክ ወይም ቀራኒዮ ወደሚገኝ ሜዳ ብቅ ያለ ሰው፣ ከመስመሩ ዳር ስልክ የደገነ ልጅ አያጣም። ዛሬ ካሜራ አልጠፋም። የጠፋው ምን ማንሳት እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ነው።

የክለቦቻችንን የፌስቡክና የቴሌግራም ገጽ ተመልከቱ። ስም አልጠራም፤ ሁሉም ያው ስለሆነ። ምን ታያላችሁ? ሱፍ የለበሱ ሰዎች ተደርድረው ዋንጫ ሲሰጡ። ሱፍ የለበሱ ሰዎች ጠረጴዛ ላይ ውኃ ደርድረው ሲሰበሰቡ። የስፖንሰርነት ስምምነት ሲፈረም። "በዕለቱ የክብር እንግዳ የሆኑት አቶ እገሌ እንደገለጹት..." ከዚያ ከሥር የገጠመው ቡድን የቡድን ፎቶ፣ የአንድም ተጫዋች ስም ሳይጻፍበት። ኳስ አለች ወይ? የለችም! ዋንጫ የሰጠውን ሰውዬ እናውቀዋለን፣ ዋንጫውን ያመጣውን ልጅ አናውቀውም። ስፖንሰሩም ብሩን አውጥቶ ያገኘው ከሰውዬው ጀርባ የተለጠፈ ባነር ላይ የተጨማደደ አርማ ነው። በዓመቱ አላድስም ሲል እንገረማለን።

አንድ ክለብ ወይም አንድ የሰፈር ውድድር አዘጋጅ ከዚህ የተሻለ ለመሥራት ብዙ ገንዘብ አያስፈልገውም። ልምድ ካላቸው ቀራጮች የሰማሁትንና በአይኔ ያየሁትን ልናገር።

መጀመሪያ፣ ሰው ስልኩን በአውራ ጣቱ እየገፋ ነው የሚያየው። ሦስት ሰከንድ ካልያዝከው አልፎሃል። ስለዚህ የክለቡ አርማ እየተሽከረከረ በሙዚቃ የሚገባበት መክፈቻ ቢቀር ይሻላል፤ እሱ እስኪያልቅ ተመልካች የለም። ግቡ ይቅደም ወይም ፊቱ። ሁለተኛው የድምፅ ነገር ነው። ታክሲ ውስጥ፣ ቢሮ ውስጥ ያለው ሰው ድምፅ ዘግቶ ያያልና ጽሑፍ ያስፈልጋል፤ በአማርኛ፣ ጎላ ብሎ። ድምፅ ከፍቶ የሚያየውም አለ። እሱ ደግሞ ንፋሱ ስልኩ ውስጥ ሲያፏጭ ይዘጋዋል። ትንሽ ማይክሮፎን አንገት ላይ ማሰር ካሜራ ከመቀየር ይበልጣል። ሙዚቃውስ? የታዋቂ ዘፋኝ ዘፈን ሳያስፈቅዱ ከሥር መልቀቅ ባለ መብቱን መበደል ነው፤ ፌስቡክና ዩቲዩብም ያነሱታል። የሜዳው ጩኸት ራሱ ምን አለው? ጎረምሶቹ ሲዘፍኑ፣ አሠልጣኙ ሲቆጣ፣ ኳሷ አግዳሚ ስትመታ።

ርዝመቱን አሳጥሩት። ይህን የምለው ለጥበብ ብዬ አይደለም። ካርድ ይበላል! ያሥር ደቂቃ ቪዲዮ የለቀቀ ክለብ ደጋፊው ፓኬጅ ከፍሎ እንደሚያየው ይርሳ። አርባ ሰከንድ ይበቃል፤ ሙሉውን የሚፈልግ ይኖራልና እሱ ዩቲዩብ ላይ ይቀመጥለት።

ትልቁ ነገር ግን ፊት ነው። ኢቺካዋ ቶኪዮ ላይ ያደረገው። የሰፈር ጨዋታ ሁሌ ከሩቅ ነው የሚቀረጸው፤ ሃያ ሁለት ጉንዳን አቧራ ውስጥ። አንዱን ልጅ ምረጥ። ከቤቱ ሲወጣ፣ ታኬታውን በፌስታል ይዞ ታክሲ ሲሳፈር፣ ጫማው ስንት ጊዜ እንደተሰፋ አሳይ። ሲያስተው ፊቱን አሳይ፣ ግቡን ብቻ አትጠብቅ። የክፍለ ከተማው ሰው ያን ልጅ ካወቀው በሚቀጥለው እሁድ ራሱ ሜዳ ይመጣል። ሰው ከመጣ ሻይ ቤቱም፣ ጂሙም፣ የስፖርት ዕቃ ሱቁም "እስቲ ስሜን ማሊያው ላይ ጻፉልኝ" ማለቱ አይቀርም። ታላቁ ሩጫ ኅዳር 16 ቀን 1994 ዓ.ም. በ10 ሺህ ሰው ሲጀመር ስፖንሰር የሳበው በምን ይመስላችኋል? ኃይሌ ገብረሥላሴ አለበት፣ እሱ አንድ ነገር ነው። ሌላው አንድ ዓይነት ቲሸርት የለበሰ ሕዝብ አስፋልቱን ሞልቶ ሲወርድ የሚታይበት ያ ሥዕል ነው። ቲሸርቱ ላይ ስሙ ያለ ድርጅት ሌላ ምን ይፈልጋል?

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሕፃን ተጫዋች ሲቀረጽ ወላጅ ይጠየቅ። ስሙና ፊቱ ለንግድ የሚውል ከሆነ ደግሞ ወረቀት ላይ ይስፈር። "አይ፣ የሰፈር ልጅ ነው፣ ምን ችግር አለው" ይባላል። የአበበ ቤተሰብ ነገር የት እንደደረሰ ከላይ አንብባችኋል። የተከፈለው ስንት ነው፣ ለስንት ጊዜ ነው፣ ለየትኛው ዕቃ ነው፤ ግማሽ ገጽ ወረቀት ላይ ያልቃል። ተጫዋቹን ለውጭ ክለብ አሳያለሁ ብሎ ለቪዲዮ ብዙ ብር የሚቀበል "ኤጀንት" ሲመጣም በሩ ላይ ይመለስ። የግጥሚያ ሥዕል የቡድኑ ስለሆነ ቡድኑ ራሱ ቆርጦ ይስጥ።

የመጨረሻው የሚያሳዝነኝ ነው። የሮሙ የአበበ ሥዕል ባለቤት የዓለም ኦሊምፒክ ኮሚቴ ነው። የዘነበወርቅ ጫማ ሠሪ ከዚያ ላይ አሥር ሰከንድ ለማስታወቂያው ልውሰድ ቢል ደብዳቤውን የሚጽፈው ወደ ስዊዘርላንድ፣ ሎዛን ነው። አገር ቤት የተቀረጸውስ? እሱ የልጆቹ ስልክ ውስጥ ነው። ስልኩ "ቦታ የለም" ሲል ደግሞ መጀመሪያ የሚሰረዘው ያለፈው ዓመት ግጥሚያ ነው። አንድ የውጭ ሃርድ ዲስክ፣ በየፋይሉ ላይ ቀኑ፣ ሜዳው፣ የግብ አግቢው ሙሉ ስም ከነአባቱ፤ ዋጋው ከአንድ ሙሉ ማሊያ ስብስብ አይበልጥም። የዘንድሮውን ውድድር የሚያዘጋጁት ወጣቶች ይህን ጋዜጣ ካነበቡ፣ ዲስኩን ከኳሱ ጋር አብረው ይግዙት።